ቁልቋልሽን ማን አጠጣው?

ውድ ብርነሽ፣ የኔ ነዝናዛ፣

ከተለየሽኝ ይኸው ስምንት ወር ሆነ። እንደምን ሰነበትሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ካለሽበት ሆነሽ በኔ እንደምትስቂ አውቃለሁ። እዚህ ሰቆጣ ሁላችንም ደህና ነን። የልጅ ልጆችሽ ረዝመዋል፣ እኔ ደግሞ አጥሬያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ዕረፍት ነስቶኝ ከረመ፤ መስኮቱ ላይ ያለው ቁልቋልሽ ከሥሩ መበስበስ ጀመረ።

ከጽጽቃ ስታመጪው ትዝ ይልሻል? መኪናው ሲንገጫገጭ ጣሳውን መያዝ ሰልችቶሽ እኔ ጭን ላይ አስቀመጥሽው። እሾኹን ከጭኔ እየለቀምሽ ሦስት ቀን ሳቅሽ። ያኔ ጠልቼው ነበር። አሁን ግን በእጅሽ ከተከልሽው በቤቱ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት ስነካው ታችኛው ቡኒ ሆኖ እንደ በሰለ ሙዝ ላላብኝ። አንቺ በወር አንዲት ፍንጃል ነበር የምትሰጪው፤ አፈሩ ግን ጭቃ ሆኗል። ውኃ በጀሪካን በምንለማመንበት ሰፈር ቁልቋል የሚያጠጣ ማን ነው?

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ተከራያችንን ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ መምህር። አገሩ ዝናብ የጠገበ ስለሆነ ደረቅ አፈር ሲያይ ሆዱ ይባባል ብዬ። “መምህር፣ እጅህ ረጥቧል” አልኩት ድንገት። “ፊቴን ታጥቤ ነው፣ አባባ” አለኝ። መልሱ ፈጠነብኝ። የፈጠነ መልስ አልወድም።

ከዚያ አፈሩ ላይ አመድ ነሰነስኩ፣ ውኃ ሲነካው እንዲያሳብቅ። ጋቢዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ፣ በቀዳዳው እያየሁ ማንኮራፋት ጀመርኩ። ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ልጃችን ጽጌ! ለጉልበቴ ብላ ጠዋት ጠዋት ጠበል ታመጣልኛለች። እኔ ሁለቴ ተጎንጭቼ እተወዋለሁ። እሷ ደግሞ ትራፊው እግር የሚረግጠው ቦታ እንዳይፈስ ብላ፣ አማትባ ቁልቋሉ ላይ ገለበጠችው።

“ያዝኩሽ!” ብዬ ብድግ አልኩ።

“ውይ አባባ! ተኝተው አልነበረም እንዴ?”

“ቁልቋሉን ገደልሽው!”

“ጠበል ይገድላል እንዴ? ምን ዓይነት ክህደት ነው እሱ!”

መምህሩ በር ላይ ቆሞ ይስቃል። እሱን አሁንም አላምነውም።

የዚያኑ ዕለት ቢላዋውን በአረቄ ጠርጌ (አረቄው ከየት መጣ እንዳትዪኝ) ከብስባሹ በላይ ቆረጥኩት። ውስጡ አሁንም ቡኒ ነጠብጣብ ነበረበት፤ ጥርት ያለ አረንጓዴ እስኪሆን ደጋግሜ ቀነስኩት። ክንድ ያክል የነበረው ስንዝር ሆነ። በየቁርጡ ይቅርታ እጠይቅሽ ነበር፣ ላንቺ አልዋሽም። ቁስሉ እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት ጥላ ላይ አስተኝቼ፣ ታቹን በበሳሁት ጣሳ፣ አሸዋና ጠጠር በበዛበት አፈር ተከልኩት። ትናንት ቀስ ብዬ ሳብ ባደርገው እምቢ አለኝ። ሥር ሰዷል!

ጽጌን ጠበል አታምጪ ማለት አልችልም። ሌላ ቦታ ድፊው ብላትም፣ ዞር ስል ምን እንደምታደርግ አላውቅም። ስለዚህ ትራፊ እንዳይኖር ብርጭቆውን እስከ ጭላጩ እጨልጠዋለሁ። አርባ ዓመት ጠበል እንድጠጣ ስትለምኚኝ እምቢ ያልኩሽ ሰውዬ! ነገሩ ከዚያ ሆነሽ የሸረብሽው ተንኮል ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ። ይሁን፣ አሸነፍሽኝ። ጠዋት ጠዋት ስጨልጠው ስምሽን እጠራለሁ፤ የምጠራበት አንደበት እስካለኝ ድረስ አንድም ጠዋት አላስታጉልም።

ባልሽ