የአቦይ ተስፋይ ኮርቻና የእኔ ቁምጣ

ሰኞ፣ ኅዳር 3። ከሥራ መልስ።

ደብተሬ፣ ዛሬ እዚህ ናይሮቢ የላቪንግተንን ዳገት ስወጣ የሚኒስትር የምትመስል ጥቁር መኪና ቀደምኩ። በብስክሌት! ከነእንጀራ ጭነቴ! እሺ... ቆማ ነበር። ጎማዋ ተንፍሷል። ቢሆንም ቀድሜያታለሁ።

ይህን የምጽፍልህ ቆሜ ነው። መስኮቱ ላይ ዘርግቼህ። መቀመጥ አልችልም። ላንተም ማውራቱ ያሳፍራል፤ መቀመጫዬ ተልጧል፣ በግራም በቀኝም። ባለቤቴ ዘነቡ ስገባ አየችኝና አዲስ የተገረዘ ልጅ መሰልክ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሮጣ ቫዝሊን አመጣች። መጀመሪያ ሳቅ፣ ቀጥሎ ቫዝሊን። እሷ እንዲህ ናት።

እየወረድኩ ብስክሌቱን ስገፋ የደንበኞቹ እንጀራ ለምሳ አልደረሰም። የምግብ ቤቱ ባለቤት ወ/ሮ አልማዝ አልተቆጡም። የሚያስፈራውም እሱ ነው። እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከልክ ብስክሌቱን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ አሉኝ፣ ቀስ ብለው። ብስክሌቱ ከሄደ ሥራው ሄደ። ስደተኛን ማን ጠርቶ ይቀጥራል?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4። ማታ።

መላ ተገኘ! ይህ ጭንቅላት እኮ ለብቻው ደመወዝ ይገባዋል። ደርግ አገሩን ሁሉ ፊደል ሲያስቆጥር በማሳ ጀርባ የሾለክሁት ሰውዬ፣ ናይሮቢ ገብቼ በቤ/ክ ግቢ የማታ ትምህርት ፊደል የጨረስኩት ሰውዬ፣ አንድ ኮርቻ ያቅተኛል?

የበቅሎ ኮርቻ ላይ ምን ይነጠፋል? አጎዛ! የዘነቡን አሮጌ ብርድ ልብስ አራት አጥፌ፣ አጎዛ ደርቤ፣ በገመድ ጠፈርኩት። የንጉሥ ዙፋን ሆነ። የሠፈሩ ሰዎች ምዜ (አባባ ማለታቸው ነው)፣ በጉ የት ሄደ? እያሉ ጮኹብኝ። በጉማ እኔ ነኝ አልኳቸው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5።

አጎዛው ገደለኝ። ሙቀቱ። ላቡ። መንሸራተቱ። ሰኞ የተላጠው ዛሬ ደማ። ዛሬም ዘገየሁ። ወ/ሮ አልማዝ ሰዓታቸውን አዩ፣ እኔን አላዩም። ቀልድ የለኝም፣ ደብተሬ። ደህና እደር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6።

አቦይ ተስፋይ ከክፍላቸው ሆነው ጠሩኝ፤ ና እስኪ አንተ በግ ጫኝ! አቦይ የአስመራ ሰው ናቸው፤ እዚሁ ሳውዝ ሲ ሠፈር በምንኖርበት ግቢ ጫፍ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። በወጣትነታቸው የብስክሌት ተወዳዳሪ ነበሩ። አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል (ይህን ለማንም እንዳትናገር)።

አጎዛውን ፈትተው እንደ ሞተ ድመት ወረወሩት።

«ስትቀመጥ ምንህ ነው የሚቀመጠው?»

«እንግዲህ አቦይ፣ ስሙን ልጥራው?»

«ባለጌ! አጥንትህ ነው የሚቀመጠው። ሁለት አጥንት አለህ። ሥጋ ትራስ ውስጥ ሲሰምጥ ይፋተጋል። አጥንት ጠንካራ ነገር ላይ ሲያርፍ ዝም ይላል።»

ከአልጋ ሥር ካርቶን ጎተቱ። ውስጡ ኮርቻ። ቆዳ፣ እንደ ጋሻ የደረቀ፣ የዳሌ ቅርጽ የያዘ። ከአገር ሲወጡ ፎቶግራፍ እንኳ አልያዙም፤ ይህን ይዘዋል። ማንም ነክቶት አያውቅም። ለእኔ ብስክሌቱ ላይ አሰሩልኝ። ከፍ፣ ዝቅ፣ አፍንጫውን ትንሽ ቀና። ከዚያ ደግሞ ጥቁር የሱፍ ቁምጣ አወጡ፣ መቀመጫው ላይ ለስላሳ ቆዳ የተሰፋበት። ሕጉ ሁለት ነው አሉ። ከሥር ሙታንታ የለም። ከላይ ሱሪ የለም፤ ስፌቱ ይልጣል።

ሙታንታው ይቅር። ሱሪው ግን...

ደብተሬ፣ እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ የገባሁት በቁምጣ ነው። የመርካቶ ልጆች ባላገር! እያሉ ተከተሉኝ። በመጀመሪያው ደመወዜ ሱሪ ገዛሁ፣ ዳግመኛ ጉልበቴን ሰው አያየውም ብዬ ማልኩ። እዚህ ያሉት አበሾች ሁሉ የጉለሌ ልጅ ነው ይሉኛል። እኔ ነኝ ያልኳቸው።

ለዘነቡ ነገርኳት። ጉልበትህን እኔ አይቼዋለሁ፣ ያን ያህል አያስቀይምም አለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8። 8 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ።

ድል! ላቪንግተን ደርሼ ተመለስኩ። ዳገቱን ስወጣ መቀመጫ እንዳለኝ ረሳሁ። ምቾት ማለት ይህ ነው ለካ፣ ገላህን መርሳት። የጃካራንዳው አበባ መንገዱ ላይ ረግፏል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። እስከ ዛሬ የማየው የፊት ጎማዬን ብቻ ነበር። ዘፈንኩ። አንድ ዘበኛ ሰላምታ ሰጠኝ።

እንጀራው ሁሉ በሰዓቱ ደረሰ። ስመለስ በቁምጣዬ፣ ጉልበቴን ገልጬ፣ በፊት ለፊቱ በር ገባሁ። ቤቱ ሙሉ ነው። ማንም አልሳቀም። እንዲያውም አንዲት ሴትዮ እልል አለች። ወ/ሮ አልማዝ ብስክሌቱ ያንተ ነው አሉኝ፤ ሻይም አዘዙልኝ። ተቀምጬ ጠጣሁ። ተቀምጬ!

እሑድ፣ ኅዳር 9። ማታ።

ከቤ/ክ መልስ አቦይ ዘንድ ሄድኩ። በቁምጣው ሰው አየህ ወይ? አሉኝ። አወራሁላቸው። በሩን፣ ጉልበቴን፣ እልልታውን። ሁለቴ አስደገሙኝ። አስመራ ላይ ሰው በረንዳ ወጥቶ ያጨበጭብ እንደነበር ነገሩኝ። ቁምጣውን ከለበሱ ስንት ዘመናቸው። መነጽራቸውን ሲጠርጉ ቆዩ፤ መነጽሩ ግን ንጹሕ ነበር። ከዚያ ነገ በማታቱ፣ በሚኒባሱ ተሳፍሬ ከተማ እመጣለሁ አሉ። ምግብ ቤቱ በር ላይ ወንበር ይዤ አይሃለሁ አሉኝ።

እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

ደብተሬ፣ እዚህ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው። ኮርቻው እውነት፣ ምቾቱ እውነት፣ ብስክሌቱም ለእኔ ቀርቷል። አንድ ነገር ብቻ ፈጠርኩ። ቅዳሜ ስመለስ ምግብ ቤቱ ሳልደርስ፣ ከአንድ አጥር ጀርባ ቆሜ ሱሪዬን ቁምጣው ላይ ደረብኩ። የገባሁት በጓሮ በር ነው። ጉልበቴን ያየ የለም። እልል ያለች ሴትም የለችም።

ለአንተ መዋሸቱ ይቅር፣ አንተ ወረቀት ነህ። እሳቸው ግን ነገ ወንበር ይዘው ይጠብቁኛል።

ሱሪውን አሁን ለዘነቡ ሰጠኋት። ጠዋት ብለምንሽ እንኳ እንዳትመልሺልኝ አልኳት።