እሳቱን ተረከቡኝ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ሳሉስ እንዴት አደረገዎት? ግራ ጆሮዎ ያው እንደ ልማዱ ነው ወይስ ቀኙም አመል አወጣ? እንቅልፍ ይወስድዎታል? የቀረበልዎትን ይበላሉ ወይስ አሁንም ከእትዬ ጋር በጉርሻ ቁጥር ይጣላሉ? ጉልበትዎስ ደረጃ ያስወጣዎታል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ በሰዓቱ ሥራ እገባለሁ ማለቴ ነው። ከዚያ ያለፈውን አሁን አይጠይቁኝ፤ እዚሁ ወረድ ብሎ ያገኙታል።

ይህን በስልክ መንገር ይቀል ነበር። ግን እርስዎ ስልክ ሲይዙ «ማነው? ጮክ በል!» እያሉ ሰፈሩን ይቀሰቅሳሉ። እትዬ ትንገርልኝ ብል ደግሞ ግማሹን ትውጠዋለች፣ ግማሹን ታጣፍጠዋለች። ስለዚህ በእጄ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። አባባ፣ ባለፈው ደብዳቤዎ የለመኑኝን አልፈጸምኩም። «ኮሚቴው ውስጥ ካለሽ አሮጊቷን አደራ፣ ማንም እንዳይነካት አንድ ቃል ተናገሪላት» ብለውኝ ነበር። ቃሉን ተናገርኩ፤ ግን የተናገርኩት በእሷ ላይ ነው። አሮጊቷ፣ ዕድሜ ልክዎን እሳቷን የጠበቁላት የእንፋሎት ቦይለር፣ ጠፍታለች። ያጠፋኋት እኔ ነኝ ቢባል ውሸት አይሆንም።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። ብርድ ልብሳችንን የሚገዙት ሰዎች፣ ፋብሪካው የሚያወጣውን ካርቦን ካልቀነሰ ከሌላ እንገዛለን አሉ። ካርቦን የሚሉት፣ እርስዎ ሲስቡት የኖሩት ጭስ ውስጥ ያለው፣ ለዓይን የማይታየው ነው። መሐንዲስ ተቀጠረችና ከየክፍሉ አንዳንድ ሰው ተመርጦ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከማቅለሚያ ክፍል እኔን መረጡ። «የልቀት ቅነሳ ኮሚቴ» ተብሎ በትልቁ ተጽፎ በሩ ላይ ተለጠፈ። ከዚያማ ጉድ ፈላ።

ልቀት ሲሉ ወደ አየር የሚለቀቀውን ማለታቸው ነው። ግን ይኸው ፋብሪካ በሥራው ለበለጠ ሰው በየዓመቱ «የሥራ ልቀት ሽልማት» ሲሰጥ የኖረ ነው። የሽመና ክፍል ሴቶች ወረቀቱን አነበቡና «ያለችንንም ልቀት ሊቀንሱብን ነው? ከዚህ በታችማ ብርድ ልብሱ ወንፊት ይሆናል» ብለው ሳቁ። «ቅነሳ» የምትለዋ ላይ ዓይኑ ያረፈ ግን አልሳቀም። ቅነሳ እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል፤ ሰው ነው የሚቀነሰው። ማሸጊያ ክፍል ያለችው ወፍራሟ ሴትዮ በእረፍት ሰዓት እጄን ይዛ የልጆቿን ዕድሜ በየተራ ነገረችኝ። ጥበቃው ስገባ ስወጣ ከወንበሩ እየተነሳ ይቀበለኝ ጀመር። ስሜ ተረስቶ «እመት ቅነሳ» ሆንኩ። የሚቀነሰው ጭስ ነው እንጂ ሰው አይደለም ብዬ ምዬ ተገዝቼ አስረዳሁ።

መሐንዲሷ ጥሩ ሰው ናት፤ ትሰማለች፣ አትቸኩልም። ልናደርግ የምንችለውን ሁሉ በየተራ ካስዘረዘረችን በኋላ «አሁን ጥያቄው ምን እናድርግ አይደለም፤ የቱ ይቅደም ነው» አለች። ሥራ አስኪያጁ ከዋናው በር ግራና ቀኝ ዛፍ ይተከል አሉ፤ ለፎቶ ያምራላ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አምፖል እናጥፋ አለ። ሹፌሩ የሰርቪስ መኪናው ባዶውን መመላለሱ ይቅር አለ። የሚያፈሱት የእንፋሎት ቧንቧዎች ይደፈኑ የሚለው ላይ የተከራከረ ስላልነበር በማግስቱ ተጀመረ። የቀረችው አሮጊቷ ነበረች። ከፋብሪካው ጭስ ከግማሽ በላይ የሚወጣው ከእሷ ነው። ሐሳቡ እሷን አጥፍቶ በቦታዋ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቦይለር መትከል ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ትንሽ አሰቡና «እሷን አራተኛ ላይ እናስቀምጣት» አሉ። እዚህ ቤት አራተኛ ማለት ምን እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርም። የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር እርስዎ ጡረታ ሳይወጡ አራተኛ ነበር፤ ዛሬም አራተኛ ነው። አንዳችን ስንገባ ሌላችን ውጭ ቆመን እንይዘዋለን።

እርስዎ የፈለጉትም ይኼንኑ ነበር። ዝም ብል ይበቃ ነበር፤ ዛፉ ይተከላል፣ አምፖሉ ይጠፋል፣ እሷ እንደነደደች ትኖራለች። አሮጊቷ ትቅደም አትቅደም ተብሎ እጅ ሲወጣ እኩል ለእኩል ሆነና የእኔ ብቻ ቀረ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የማን ልጅ እንደሆንኩ የማያውቅ የለም። እጄን አነሳሁና «እሷ ትቅደም» አልኩ። ለአባቷ ሳል ብላ ነው ያሉ አሉ፤ ለሹመት ነው ያሉም አሉ። ለአንዱም አልነበረም። ትልቁ ጭስ የሚወጣው ከእሷ ነው፤ ትልቁን ወደ ኋላ ገፍቶ አምፖል ሲያጠፉ መዋል ራስን መሸንገል ሆነብኝ። ይኼው ነው።

እያለቀስኩ ወጣሁ ብልዎት ሳይሻልዎት አይቀርም። ግን አላለቀስኩም። ጥርስ ሐኪም መርፌ ሲወጋዎት ከንፈርዎ በቦታው እንዳለ ያውቃሉ እንጂ አይሰማዎትም፤ እንደዚያ ሆንኩ። ወደ ማቅለሚያው ተመልሼ ሰማያዊውን በርሜል አማሰልኩ፣ ማታም እራቴን በላሁ። እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

እርስዎ ያሠለጠኑት፣ «ችኩሉ» ብለው ስም ያወጡለት እሳት ጠባቂ ነገሩን ሲሰማ ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። «አባትሽ ያውቃሉ?» ብቻ አለኝ። እጽፍላቸዋለሁ አልኩት። እሱንም የፈረቃ ጓደኛውንም ማሸጊያ ክፍል መደቧቸው። ማንም አልተቀነሰም፤ በዚህ እንኳ ቃሌ ቆሟል። ግን ሳየው ብርድ ልብስ አጥፎ በገመድ ሲያስር እጁ ሥራውን አያውቀውም። ገመዱን እንደ ቫልቭ ይጠመዝዘዋል።

የምትጠፋበት ቀን ከኮሚቴው አንድ ሰው ቆሞ ይይ ተባለና እኔ ሄድኩ። ልጅ ሆኜ ምሳ ሳመጣልዎት ሙቀቱ ፊትሽን ይገርፈዋል እያሉ ከበሩ አያሳልፉኝም ነበር። ፈረቃ ሲቀየር የምትባባሉትን የሰማሁት ሁሉ ከደጅ ሆኜ ነው። ወጪው «እሳቱን ተረከበኝ» ይላል፤ ገቢው «ተረክቤሃለሁ» ይላል። ይኼ ሳይባል ማንም እግሩን አያነሳም። ተረካቢዎ ታሞ የቀረ ጊዜ ሌላ ፈረቃ ደርበው እንደሠሩ እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንዴ እየኮራች አንዴ እየተራገመች ስትናገር እሰማ ነበር።

ችኩሉ ናፍጣውን ዘጋ። በትንሿ መስታወት ነበልባሉ ሲያጥር አየሁት፣ ከዚያ ጨለመ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆመ። ሥራው አልቋል፣ ግን አይሄድም። ምን እንደሚጠብቅ መጀመሪያ አልገባኝም። የከሰዓቱ ፈረቃ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ማሸጊያ ክፍል ነው፤ የሚመጣ የለም። እሱም ይኼን ያውቃል። ቢሆንም ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ «እሳቱን ተረከበኝ» አለ።

በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። የሚረከቡት እሳት የለም። ግን ሰውየው እንደዚያ ቆሞ እንዳይቀር ብዬ «ተረክቤሃለሁ» አልኩት። ራሱን ነቅነቅ አደረገ፣ ጨርቁን ሚስማሩ ላይ ሰቀለና ወጣ። እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲራመድ አይቼው አላውቅም።

እኔ ቀረሁ። ብረቷ እየተኮማተረ ቀጭ ቀጭ ይላል። እጄን ሆዷ ላይ አሳረፍኩ፤ ትሞቃለች። እርስዎ እንደሚሉት ግትር ናት፤ በማግስቱም ገብቼ ስነካት ለብ ትል ነበር። ከዚያ በኋላ በሄድኩበት ቀን ግን ቀዝቅዛ ሙቀቷ ከእጄ አይለይም ነበር።

ጠዋት የሚጮኸው ፊሽካ በእሷ እንፋሎት ነበርና አሁን በደወል ተተክቷል። ሰፈሩ ሰሞኑን እያረፈደ ነው፤ እንቅልፋችንንማ አልቀነሳችሁብንም እያሉ ይቀልዱብኛል። ከጭስ ማውጫው በላይ ሰማዩ ባዶ ነው። ያጠብኩትን ሳሰጣ ጥቀርሻ አይወርድበትም፤ ነጭ ልብስ ነጭ ሆኖ ይገባል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ሥራው ትክክል እንደሆነ አውቃለሁና። ዛሬ ቢጠይቁኝም ያንኑ እጅ አነሳለሁ። ግን ተረክቤሃለሁ ካልኩ ወዲህ የማስረክበው ሰው አጥቻለሁ። ፈረቃዬ አላልቅ ብሎኛል።

በሉ እንግዲህ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ለእትዬ፣ ቀሚሱ ልክ መጥቷልና እጇን ይባርከው በሉልኝ። ለባሏ ለአናጢው፣ ወንበርዎን ሳይጠግን ሌላ ሥራ እንዳይቀበል እኔ ብያለሁ በሉት። ለአክስቴ፣ ዓይኗ እንዴት ሆነ? ጉንጯን ሳሙልኝ። ለደብዳቤ ጸሐፊዎ ለእትዬ ልጅ ለቀበጧ ደግሞ የራሷ መልእክት አላት፤ አንቺ ቀበጥ፣ ይህን ለአያትሽ በቀኝ ጆሯቸው በኩል ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ ያዝናሉ ብለሽ አንዲት መስመር እንዳትዘይ። መልሱንም እሳቸው ያሉሽን ብቻ ጻፊ።

አባባ፣ ቢቆጡኝም ይቆጡኝ፤ እሱን በሌላ ወረቀት ያስጽፉት። በዚህኛው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው የምጠብቀው። እሳቱን ተረከቡኝ። «ተረክቤሻለሁ» ይበሉኝ። በዚያ ክፍል ለሴት ተብሎ አያውቅም፤ እርስዎ ይጀምሩት።

ልጅዎ፣ የማቅለሚያ ክፍሏ
ከፋብሪካው አጥር ጀርባ፣ ከድሮው ቤታችን
የካቲት 17 ቀን