ግማሽ ብልቃጥ

ለውድ የጓደኛዬ እናት፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎ እንዴት አደረገዎት? እንቅልፍስ ትንሽ መጣልዎት? ትንሿ እህታችንስ ትምህርቷን ቀጠለች? እኔ አለሁ። አለሁ ማለቱ ራሱ ያሳፍረኛል፣ ግን አለሁ።

ለቅሶ ደርሼ ስመለስ እስከ በሩ ሸኝተውኝ፣ ከእንግዲህ ልጄ አንተ ነህ ብለው ጉንጬን ሲስሙኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያን ዕለት መናገር ነበረብኝ። ፈራሁ። ይኸው አሁንም ወረቀት ውስጥ ተሸሽጌ ነው የምነግርዎት።

ሳሎንዎ ግድግዳ ላይ በመስታወት አሠርተው የሰቀሉት የምርመራ ውጤት አለ አይደል፣ ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ በገባ በመጀመሪያው ወር የላከልዎት? ስለ እሱ ነው የምጽፈው።

የባዮሜዲካል ሳይንስ መግቢያ በጀመርን በሦስተኛው ሳምንት መምህርታችን ሽንት እንመርምር አለችን። ሁሉም የራሱን በብልቃጥ ይዞ ይመጣል፣ ባለቀለም ወረቀት ነክሮ ያነባል፣ እሷ አይታ ትፈርማለች። ባዶ እጁን የመጣ ማርክ የለውም። ሎጋው፣ ዶርም ውስጥ ልጅዎን እንዲያ ነበር የምንጠራው፣ ላብራቶሪው በር ላይ ጠብቆ ያዘኝና፣ ዛሬ ሽንቴ አልመጣ አለኝ፣ ምን ይሻለኛል አለ። የእኔ ብልቃጥ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። ያንተማ ለመንደር ይበቃል፣ ግማሹን ቅዳልኝ እንጂ አንተ ስስታም ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁና ቀዳሁለት። እናቴ፣ ጥፋቴ ይኸው ነው።

መምህርታችን የሁለታችንን ውጤት ጎን ለጎን አድርጋ አየችና፣ እናንተ ደግሞ ከአንድ ጉድጓድ የቀዳችሁ ትመስላላችሁ፣ ሁለታችሁም ደህና ናችሁ ብላ ፈረመች። ክፍሉ ሁሉ አውካካ። እሱ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ስለ እኔ ትሰጋለች፣ ይህን ስታይ ልቧ ይረጋል አለኝ። እንግዲህ እርስዎ ዘንድ ያለው ወረቀት ስሙ የእሱ ነው፤ ጤነኛው ግን እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ዓይኑ ሥር ያብጥ ጀመር። እንቅልፍ አበዛህ ብለን አሾፍንበት። ጫማው ሲጠበው፣ አንተ ሰውዬ እስከ መቼ ነው የምታድገው አልነው። በሦስተኛው ወር ደረጃ ላይ ወድቆ ሐኪም ቤት ስናደርሰው ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል፣ ሕመሙ የቆየ ነው አሉን። ሳምንት እንኳ አልቆየም።

ስለ ኩላሊት የተማርነው እሱ ከተቀበረ በኋላ ነው። መምህርታችን፣ ኩላሊት እየሞተም ሕመም ላያሰማ ይችላል፣ ሽንት ላይ ግን ቀድሞ ይታያል፣ በጊዜ ከተደረሰበት ብዙ ይረዳል እያለች ስታስረዳ እስክሪብቶዬን ጥዬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ለቅሶው ላይ ጎረቤትዎ ነርሷ፣ ልጅቱንም አስመርምሪያት ስትልዎት ሰምቻለሁ። እርስዎም ወደ ግድግዳው እያሳዩ፣ የአባቱን የኩላሊት ሕመም ወርሶ ቢሆን ኖሮ ይሄ ወረቀት ይናገር ነበር፣ ልጄን የገደለው የዶርሙ ውሃ ነው፣ እሷን አታስፈራሩብኝ አሉ። የልጅቱ ዓይኖች አብጠው ነበር። ከለቅሶው ነው ተባለ። ይሆናል። እኔ ግን ያን እብጠት አንድ ጊዜ አይቼ ስቄበታለሁ፣ ሁለተኛ ዝም ልል አልችልም።

ስለዚህ እባክዎ ወረቀቱን ያውርዱት። ዛሬ ነገ ሳይሉ ልጅቱን ሐኪም ቤት ይውሰዷት፣ ሽንቷንም ደሟንም ይዩላት፣ የአባቷንም የወንድሟንም ነገር አንድ ሳያስቀሩ ይንገሯቸው። ከዚያ በኋላ ይርገሙኝ፣ አልቀየምዎትም።

የልጅዎን ዕቃ ከዶርም ስሰበስብ የባዮሎጂ መጽሐፉን ገለጥኩት። አብዛኛው ገጽ ገና አዲስ ነው። የኩላሊቱ ምዕራፍ ግን ከመገላበጥ ብዛት ጠርዙ ጠቁሯል፤ በዘር ስለሚተላለፈው የሚያወራው አንቀጽ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል፤ ዳሩ ላይ በእጁ የጻፈው ቀን ከላብራቶሪው ቀን በፊት ነው። ልላክልዎት ወይስ እዚሁ ይቅር፣ አላውቅም። እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ።

ደብዳቤ የምታነብልዎት ልጅቱ መሆኗን አውቃለሁ። እህቴ፣ እስካሁን እየዘለልሽ አንብበሽላቸው ከሆነ ተመለሺና ከመጀመሪያው ጀምሪ። እያለቀስሽም ቢሆን ሁሉንም አንብቢላቸው።

እግዚአብሔር መጽናናቱን ይስጥዎት፤ የቀረችዎትን አንዷን ያኑርልዎት።

የልጅዎ የዶርም ጓደኛ