መስክህ ጠጠር አልለበሰም

ይድረስ ለይመር፣ ለቤቴ ራስ፣

እንደምን አለህ ብዬ ብጠይቅህ መልስ አይመጣልኝም፤ ስለዚህ የእኔን ልንገርህ። ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ዛሬ የምጽፍልህ ከሐዘን አይደለም፤ ከደስታ ነው። መስክህ ተረፈ! ይህን በመጨረሻ ላደርገው አስቤ ነበር፤ አላስችል አለኝ። እንደ ድሮው ገና ደጁን ሳታልፍ ሮጬ የምነግርህ መሰለኝ።

የቤቱን ላስቀድም። ልጃችን ብርቱካን ዳባት ላይ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ግንባሩ ያንተ ነው፤ ሲቆጣ ደግሞ ቁርጥ አንተን። ነፋስ የገለበጠውን የጓዳውን ቆርቆሮ ራሴ ጣሪያ ላይ ወጥቼ መታሁት። ጎረቤቱ ሁሉ ከታች ሆኖ "ውረጂ! ኧረ ውረጂ!" ሲል፣ እኔ ምስማሩን በጥርሴ ይዤ ስለነበር መልስ መስጠት አልቻልኩም። ባልይዝም መልስ እንደማላበዛ ታውቃለህ።

ከሄድክ በኋላ አንተ ትሠራበት የነበረውን የቱሪስት ማረፊያ፣ የሎጁን ሣር የማጨዱን ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሞላ፣ "የይመርን መስክ ከአንቺ ሌላ ማን ይነካዋል?" አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ያዝኩት።

ያን መስክ ያነጠፍክበት ክረምት ከዓይኔ አይጠፋም። ከወንዙ ዳር ሣሩን ከነአፈሩ በአካፋ እየቆረጥክ፣ በእርጥብ ጆንያ እየጠቀለልክ በበቅሎ ስታመላልስ ደባርቅ ሁሉ ሳቀብህ። እኛ አገር ሣር ይታጨዳል እንጂ መቼ ይተከላል? "ይመር፣ ለማን ከብት ነው?" ሲሉህ፣ "ለእንግዳ መተኛ ነው፤ ከብቶቻችሁን ብቻ አርቁልኝ" ትላቸው ነበር። ስትመለስ የጉልበትህን ጭቃ እኔ አጥብልሃለሁ፤ አንተ ደግሞ ከሱቅ ያመጣኸውን የስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ጭንህ ላይ እያቃናህ ታቀብለኛለህ። "እስቲ ዛሬ ምን ይላል?" ትለኝ ነበር። ፊደል የለየሁት በእነዚያ ቁራጮች ነው። ወሬው መሀል ላይ ተቀድዶ ሲቀር መጨረሻውን አንተ ትፈጥርልኝ ነበር፤ አንዳንዱ ውሸትህ ከጋዜጣው ይበልጥ ነበር።

ማጭዱ ግን ከትከሻዬ በላይ ሆነ። አንዱን ጥግ አጭጄ ስጨርስ ሌላው ጥግ ጉልበት ላይ ይደርሳል። አቶ ሞላ ይህን አይተው በዚህ ክረምት ከጎንደር ባለባትሪ የሣር ማጨጃ ማሽን አስገዙልኝ። ብታየው! እንደ ጋሪ በሁለት እጅ የሚገፋ፣ ገመድ የማይጎትት፣ ቤንዚን የማይጠጣ፣ ድምፁ የተኛ እንግዳ የማይቀሰቅስ። ባትሪውን ነቅለህ እንደ ስልክ ቻርጅ ታደርገዋለህ፣ መልሰህ ትሰካዋለህ፣ በቃ። የአንድ ዓመት ዋስትናም አለው ተባልን።

የመጣ ዕለት እንደ አገራችን ወግ አደረግን። አዲስ መኪና፣ አዲስ ወፍጮ፣ አዲስ ቤት ጠበል ሳይረጭ ሥራ ይጀምራል? የንስሐ አባታችንን መምሬ አለልኝን ለመንኳቸው። ጸሎት አድርሰው ከላይ ከላይ ረጨት ረጨት አደረጉት። ሠራተኛው ሁሉ እልል አለ። እኔም ገፋሁት፤ ሣሩ እንደ ተላጨ ራስ ሆነ!

ጥቂት ሳምንት እንደዚያ ሠራልኝ። አንድ ጠዋት ግን ዝም አለ። ባትሪውን ብሰካው ቀይ መብራት ያርገበግባል እንጂ አይሞላም። ባወጣው፣ ብመልሰው፣ በነጠላዬ ብጠርገው ያው ነው።

የሎጁ ሾፌር ወደ ጎንደር ሲወርድ ወደተገዛበት ሱቅ ይዞልኝ ሄደ። የጥገና ክፍሉ ሰዎች ምን እንደነካው ሲጠይቁት፣ እሱ ነገር ሁሉ ሳቅ የሚሆንበት ሰው፣ "ጠበል ጠጥቶ ነው የተኛው!" ብሏቸው እርፍ። እነሱ ቀልዱን ትተው ጠበሉን ያዙ። ውኃ የነካው ዕቃ ዋስትና የለውም ብለው አንድ ብሎን ሳይፈቱ መለሱት።

አቶ ሞላ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ክረምቱ ወጥቶ እንግዳ የሚገባበት ጊዜ ደረሰ፤ ሣሩ ድንኳን የማያስተክል ሆነ። "በቃ ጠጠር እናልብሰው" አሉ። "ጠጠር አይታጨድ፣ ባትሪ አይፈልግ።" በማግስቱ የጭነት መኪና መጥቶ ጠጠሩን በር ላይ ገለበጠው። ይመር፣ ያን ድምፅ ስሰማ ሁለተኛ አፈር የለበስክ መሰለኝ።

እግሬ በቀጥታ ወደ መምሬ አለልኝ ወሰደኝ። ነገሩን ስነግራቸው ከተቀመጡበት ተነሡ። "እንዴት ተደርጎ! ጠበል አዳነ ሲባል እንጂ ገደለ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። በይ ተነሺ፤ እኔም እሄዳለሁ" አሉ። መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ።

አውቶቡሱ ላይ ምን እንደሆንን ልንገርህ! ረዳቱ ማሽኑን እያየ፣ "አባታችን፣ ይቺ የሕፃን ጋሪ ልጇ የት ሄደ?" አላቸው። መምሬም ፊታቸውን ሳይፈቱ፣ "ታማብን ሐኪም ጋ እየወሰድናት ነው" አሉት። ዳባት ላይ የተሳፈረች ዶሮ የታቀፈች ሴት ይህን ብቻ ሰምታ፣ "እግዜር ይማራት፣ ምኗን ነው?" ብላ እኔን ጠየቀችኝ። ሳቄን እያፈንኩ "ልቧን" አልኳት። ጎንደር እስክንገባ ስትመርቀኝ ሄደች።

የጥገና ክፍሉ ኃላፊ መላጣ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጎልማሳ ነው። መምሬን ሲያይ ብድግ አለ፤ መስቀላቸውን ተሳለመ፤ ተቀመጠና ማሽኑን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

"ይሄ ጠበል የተረጨው ነው አይደል? አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጠበልም ቢሆን ለማሽን ውኃ ነው። ዋስትናው አይሸፍነውም።"

"መስቀሉን ተሳልመህ ጠበሉን ትከሳለህ?" አሉት።

ሱቅ ውስጥ የነበረው ገዢ ሁሉ ሳቀ። ሰውየው ቀላ። "እኔ አልከሰስኩም አባ፣ መመሪያው ነው" አለ። መምሬ ስለ ጠበል፣ እሱ ስለ መመሪያ ሲሉ ነገሩ ጭራ የሌለው ሆነ። እኔ ጠጠሩን አሰብኩ። እነሱ ተከራክረው ሲሸኛኙ መስክህ ሊቀበር ነው። ያኔ አፌ ተከፈተ፤ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

"ወንድሜ፣ ውኃ ገባ ያሉት ሳይከፍቱት ነው" አልኩት። "ይክፈቱት። ውኃ ከገባ እኔው ተሸክሜው እመለሳለሁ፣ ደጅዎንም ዳግም አልረግጥ። ካልገባ ግን ዋስ ሆኛለሁ ያለ ሰው ዋስ ይሁን።"

መምሬ እንኳ ዞር ብለው አዩኝ። ሰውየው ራሱን አከክ አከክ አድርጎ አዲስ አበባ ወዳለው ዋናው ቢሮ ደወለ፤ ብዙ አወራ፤ ስልኩን ዘጋና መፍቻውን አነሣ። ሰው ሁሉ ከበበው። መምሬ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ እየጸለዩ ይሁን እየተቆጡ አልለየሁም።

ሲከፈት ውስጡ ደረቅ! የሣር ብናኝና አቧራ ብቻ። እርጥበት የለ፣ ዝገት የለ። ከዚያ ባትሪውን በመለኪያው ነካካው፤ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።

"ባትሪው ነው" አለ። "ከፋብሪካው ሲወጣም ጤና አልነበረውም። አባ፣ ጠበልዎ ነጻ ወጣ።"

"እኔ መቼ ጠረጠርኩት?" አሉ መምሬ። ሰውየውም ሳቀ፤ እውነቱን ለመናገር ቅን ሰው ነው። በዋስትናው አዲስ ባትሪ ከአዲስ አበባ አስልኮ በአውቶቡስ እንደሚሰድልኝ ነገረኝ፤ እስከ በሩም ማሽኑን ራሱ ተሸክሞ ሸኘን።

አቶ ሞላ ግን፣ "ባትሪው ጥቅምት ከመግባቱ በፊት ካልመጣ ጠጠሩ ይበተናል" አሉ። ጠዋት ጠዋት በማጭድ መሀሉን እያጨድኩ ጠበቅሁ። ትከሻዬ እሳት ሆነ። ማታ ማታ መናኸሪያ እሄዳለሁ፤ ከጎንደር የመጣ አውቶቡስ ሁሉ የእኔ ይመስለኛል። ረዳቶቹ ሳይቀሩ ለመዱኝ፤ ከመስኮት ሆነው "ዛሬም የለም እትዬ!" ይሉኛል። የመስከረም መጨረሻ ደረሰ። ሠራተኞቹ አካፋቸውን ከጠጠሩ ክምር ላይ ሰክተው የጥቅምትን መግባት ይጠብቁ ነበር።

ትናንት ማታ አንዱ ረዳት ገና በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ "እትዬ! መጣ!" ብሎ ጮኸ። መናኸሪያው ሁሉ ዞረ። ካርቶኑን ደረቴ ላይ አቅፌ ቤት ገባሁ።

ዛሬ ጠዋት ሰካሁት። መብራቱ አረንጓዴ በራ። ይመር፣ አረንጓዴ! እያለቀስኩ ገፋሁት፤ እየገፋሁ ሳቅሁ። ሣሩ በግራና በቀኝ ሲወድቅ ሽታው የዚያን ክረምት አንተን መሰለ። አቶ ሞላ በረንዳው ላይ ቆመው አዩኝ፤ ወርደው መስኩን በእጃቸው ዳበሱት፤ ከዚያ ወደ ሠራተኞቹ ዞሩና፣ "ጠጠሩን ወደ መኪና ማቆሚያው ውሰዱት፤ እዚህ የሚነካ የለም" አሉ። አካፋዎቹ ከክምሩ ሲነቀሉ ቆሜ አየሁ።

ከሰዓት በኋላ ከስሜን ተራራ፣ ከጨነቅ የወረዱ እንግዶች ገቡ። አንዲት ፀጉሯ የነጣ ሴት ከነትልቅ ጫማዋ መስኩ መሀል ቆማ ዙሪያውን ታያለች። አስጎብኚውን እጁን ያዝኩት። "ይህን ሣር ቁራጭ በቁራጭ ያነጠፈው ባለቤቴ ነው፤ ስሙ ይመር ነው፤ ንገርልኝ" አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ሰው ሲያየኝ አንገቴን የምደፋው። ነገራት። ሴትየዋ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች። ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በቀስታ፣ እስከ ድንኳኗ በባዶ እግሯ ሄደች።

አንተ የማትሰማበት አገር ሆነህ እንኳ ይህን ስማልኝ፦ ከእንግዲህ በዚህ መስክ ላይ ጎኑን የሚያሳርፍ ሰው ሁሉ ስምህን ሳይሰማ አይተኛም። የምናገረው እኔ ነኝ።

ባለቤትህ ጥሩወርቅ
ደባርቅ