ወንዴውን የቆረጥሁት እኔ ነኝ

ለልጄ ለሕሊና ዳኘው፣

እንደምን አለሽ? ሰውነትሽ ደህና ነው ወይ? በብርድ ጊዜ ይጠዘጥዘኛል ያልሽኝ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የሰው አገር እህሉ ውሃው ተስማማሽ ወይ? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ሁላችንም በሕይወት አለን። እኔ ከጉልበቴ በቀር ሕመም የለብኝም። እሱንም ቢሆን ሰባ አራት ዓመት ተሸክሞኛልና አልወቅሰውም።

ይህን ደብዳቤ ጅጋ ወርጄ ለባለሱቋ ለናዚፋ እሰጣታለሁ። በስልኳ ፎቶ አንስታ ኔትወርክ በመጣ ቀን ትልክልሻለች። በስልክ ንገራት ብለውኝ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም፤ ሰው ስልክ ሲይዝ ድምፁ ይለሰልስና እውነቱን ያሳጥራል።

ሳላድበሰብስ ልንገርሽ። የወንዝ ዳሩ ማሳ ከእንግዲህ ያንቺ አይደለም። ለወንድምሽ ለተስፋው ሰጥቼዋለሁ፤ በቆሎ ዘርቶበታል። ኪዊው ፍሬ ሲይዝ ጣልያንን ትቼ መጥቼ አለማዋለሁ ብለሽኝ ነበር። ፍሬ አልያዘም። ያልያዘውም በአንቺ ጥፋት አይደለም፤ በአፈሩም አይደለም።

የላክሽልኝን ስምንት የኪዊ ችግኝ እንዴት እንዳሳደግሁት እግዜር ያውቃል። የባሕር ዛፍ ቋሚ ተክዬ፣ ሽቦ ወጥሬ ዳስ ሠራሁላቸው። ከምንጩ ቦይ ቀድጄ አጠጣኋቸው። እዚያ የጣልያን ብርድ ስለማያገኛቸው አያንቀላፉም፣ ቅጠላቸውን በእጅ አራግፉላቸው ብለሽ በጻፍሽው መሠረት፣ ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ቅጠሉን አንድ በአንድ ለቀምሁ። ያየኝ ሁሉ ሳቀብኝ። ጎረቤታችን ንግሥቴ በአጥር ላይ ብቅ ብላ፣ «ጋሽ ዳኘው፣ የጤነኛ ሐረግ ቅጠል ከመልቀም የእኔን ጎመን ቢለቅሙልኝ አይሻልም?» አለችኝ። ለቀማዬን አላቋረጥሁም።

ለዚህ ሁሉ ታዘዝሁሽ። በአንዱ ነገር ብቻ አልታዘዝሁሽም።

አምና በመጋቢት ቀይ ክር ያሰርሽባቸው ሁለቱ ቀድመው አበቡ። አበባቸውን ፈልቅቄ አየሁት፤ ዱቄት እንጂ የፍሬ ምልክት የለውም። የኛን አገር ልማድ ታውቂያለሽ። ፓፓያ አብቦ ወንዴ መሆኑ ከታወቀ በምሳር ነው። የጎረቤት ወንዴ ለሁሉም ይበቃል እያለ ሁሉም የራሱን ይቆርጣል። የራሱን ሳይቆርጥ የሚቀር አንድ ሰነፍ ግን ከመንደር አይታጣም፤ በእሱ ስንፍና አገሩ ሁሉ ፓፓያ ይበላል። እኔ ደግሞ በማሳዬ ላይ ውሃ ጠጥቶ ፍሬ የማይሰጥ ነገር አላኖርም። ሁለቱንም ቆረጥኋቸው። ጅምር ሥራ ስለማልወድ ከነሥራቸው ነቅዬ አቃጠልኋቸው።

«ቀይ ክር ያሰርሁባቸውን ወንዴዎቹን አደራ» ብለሽ መጻፍሽን አንብቤዋለሁ። አላነበብሁም ብል ውሸት ነው። ያለ አስተማሪ ፊደል የለየሁ ሰው ነኝ፤ እርሻን ግን ከወረቀት አልማርም ብዬ ነው። እናትሽም፣ «ልጅቱ አደራ ብላ የለም ወይ?» አለችኝ። «ልጅሽ ሳትወለድ ስንት ፓፓያ ቆርጫለሁ» አልኋት።

መስከረም ላይ ተስፋው ሽማግሌ ይዞ መጣ። «አባዬ፣ ይህን ያህል ዓመት ሐረግ ሲያስታምሙ ኖሩ። እኔ ልጆቼን ሐረግ አላበላቸውም፤ ማሳውን ይስጡኝ» አለ። እኔም በሽማግሌው በመሪጌታ ክንፈሚካኤል ፊት፣ እስከ ፋሲካ ፍሬ ካልያዘ ማሳው ያንተ ነው አልሁት። ይይዛል ብዬ እርግጠኛ ነበርሁ።

ዘንድሮ ስድስቱ አበቡ፤ ዳሱ ጥጥ የተሰጣበት መሰለ። እናትሽ እልል አለች። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ግን አበባው ሁሉ መሬት ላይ ረገፈ፤ አንድም ፍሬ አልቋጠረም። የግብርና ሠራተኛዋ መጥታ ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «አባባ፣ ወንዴው የት አለ?» አለችኝ። ቆረጥሁት አልኋት። «ታዲያ በምን ያፍራልዎት? በጸበል?» አለችና ሳቋ መጣ። ከዚያ ፊቴን አይታ ሳቋን ተወችው። «የፓፓያ ወንዴ በየጎረቤቱ አለ። የዚህን ወንዴ ከጅጋ እስከ ፍኖተ ሰላም ቢዞሩ አያገኙትም» አለችኝ። እንኳን ጎረቤት፣ አገሩ ሁሉ የሌለውን ነገር እኔ ነበርሁ ያለኝ። ያንን ነው ያቃጠልሁት።

ፋሲካ አለፈ። ግንቦት ላይ ተስፋው በሬዎቹን ጠምዶ መጣና ከዳሱ ሥር ቆመ። «አባዬ፣ ለከርሞ ይቆይ። ሕሊና ሌላ ወንዴ ትላክልን። እኔ የሰው መሬት በእኩል አርሼ እከርማለሁ» አለኝ። በመሪጌታ ፊት የወጣ ቃል በበሬ ፊት አይታጠፍም አልሁት። ምሳሬን አንስቼ ስድስቱንም በእጄ ቆረጥኋቸው። ተስፋው እርፉን እንደያዘ፣ «የጠበቁት ቃልዎን አይደለም፣ እልህዎን ነው» አለኝ። እኔም ምሳሬን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ይቅርታ ለመለመን አይደለም የምጽፍልሽ። ቃሌን ባጥፍ ኖሮ ማሳው ዛሬም ያንቺ ነበር፤ እኔ ግን ቃል ማጠፍ አልችልበትም። ይህን የምታውቂው ከእኔ አፍ እንዲሆን ብዬ ነው።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ተስፋው ሲያርስ ከስድስቱ የአንዷን ጉቶ ዙሪያ ሳይነካ ትቶታል። ሰሞኑን አቆጥቁጣለች። እሱም አልነገረኝም፤ እኔም አይቼ እንዳላየ አለፍሁ። ወንዴ ይዘሽ የምትመጪ ከሆነ ለወንድምሽ ስጪው። ለእኔ አትስጪኝ።

ተስፋው ሰላም ብሎሻል። ሚስቱ ሰርካለም ከነልጆቿ ሰላም ትልሻለች። ንግሥቴም ስምሽን ሳታነሣ አትውልም። እናትሽ ወለተ ሥላሴ ምሳሩን ካነሣሁበት ቀን ጀምሮ አታናግረኝም። ምግቤን አቅርባ ፊቷን አዙራ ትቀመጣለች። ዛሬ ልጽፍ ስቀመጥ ግን ለሰርካለም፣ «ትመጣ እንደሆነ ይጠይቃት በይው» አለቻት። ሰርካለምም ነገረችኝ። ይኸው ጠይቄሻለሁ።

አባትሽ ዳኘው
ጅጋ አጠገብ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.