ኦኩሙራ የሸሸው ጭብጨባ

ወዳጄ ዘርይሁን፣

ካናዛዋ ከተማ ነኝ፤ ዝናቡ የሐምሌ ዝናብ ነው። የመጣሁት ጎረቤቴን፣ አዛውንቱን የሙዚቃ ደራሲ ኦኩሙራን አጅቤ ነው። ተማሪ ሳለ ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ የጻፈውን የመጀመሪያ ሥራውን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተጫወቱለት። ያኔ ለሕዝብ ሲቀርብ አዳራሹ ጸጥ ቢልበት በጓሮ በር ሾልኮ ወጥቶ፣ ዳግም ማንም እንዳይጫወተው ከልክሎ ነበር። ባቡር ውስጥ "ዛሬም ዝም ካሉኝ አቃጥለዋለሁ" አለኝ።

ሙዚቃው አለቀ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። እዚህ የመጨረሻው ድምፅ ከአየር ላይ ጠፍቶ ተጫዋቾቹ እጃቸውን እስኪያወርዱ ማንም አያጨበጭብም። እኛ ጋ ቢሆን ገና ሳያልቅ እልልታው ይቀልጥ ነበር። ኦኩሙራ ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ቢሆንም ሊሸሽ ብድግ ሲል ኮቱ ያዘው። ሚስቱ ቺዙኤ ጫፉ ላይ ተቀምጣበታለች።

"ወዴት ነው?"

"ልቀቂኝ፣ ሴትዮ።"

ይሄኔ ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው። ሽማግሌው አፉን ከፍቶ ቀረ።

"ያን ጊዜም እንዲህ ነበር?"

"አንተ ከወጣህ በኋላ አጨበጨቡ ብዬ ዕድሜ ልኬን ስነግርህ ላጽናናህ ይመስልሃል።"

ከዚያ ምግብ ቤት ገብተን፣ ኦኩሙራ ሶባ የሚሉትን ቀጭን ፓስታ በሾርባ ሁለት ሳህን ጨርሶ በረጅሙ ተነፈሰና "ሦስተኛው ክፍል ግን ትንሽ ይረዝማል" አለ።

"እሱንም ያኔ ነግሬህ ነበር" አለችው።

የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። ልጆቹን ሳምልኝ። ለባለቤትህ ለእታለምም ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ አንተም የምትነግርህን እመናት።

ያንተው ሙሉሸዋ