የሰባት ሰዓቱ ሳል

እህቴ፣

ውሃ መጥቶ ሁለቱንም ጀሪካን ሞልቻለሁ። ምስሩን ከእሳት አውርጄዋለሁ፤ ጨው አልጨመርኩበትም፣ አንቺ ጨምሪበት። የጓሮ በሩን ቁልፍ እኔ ይዤዋለሁ፤ አትፈልጊው።

የሰባት ሰዓቱን ዜና ስታነቢ በመንግሥት ሬዲዮ ሰማሁሽ። ፓርቲያችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ተቃውሞ ባወጣው መግለጫ ላይ የፈረምነውን ሁሉ፣ ተፈላጊዎች ብለሽ አንድ በአንድ ጠራሽን። ስሜ ጋ ልትደርሺ ስትይ አሳለሽ። ይቅርታ ጠይቀሽ ውሃ ጎንጨት አልሽ።

ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት ቆመሽ ዜና ማንበብ ስትለማመጂ የማዳምጥሽ እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ አስሎሽ አያውቅም። ስሜን ስትጠሪው ጫማዬን አስሬ ጨርሼ ነበር።

ትናንት “አፍሽን ሸጠሻል” ያልኩሽን…
ተይው።
ዛሬ ከሥራ ብትቀሪ ዝርዝሩን ሌላ ሰው ያነበው ነበር፣ ያውም ሳያስለው። ግን እኮ ስሜን ካንቺ አፍ መስማት…
እሱንም ተይው።

መጥተው ሲጠይቁሽ “ኪራይ ከመጋራት በቀር አላውቃትም” በይ። አይከፋኝም። የሁለታችንን ፎቶ ከግድግዳው አውርጄ ይዤዋለሁ፤ ምስማሩ ባዶውን እንዳይታይ ካላንደር ስቀይበት።

ማሩ መደርደሪያው ላይ ነው። ለሳልሽ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። “ተይዛለች” የሚል ወረቀት የሰጡሽ ቀን፣ እንደ አየር ጠባይ ዜና ቀጥ አድርገሽ አንብቢው። እናቴ አንቺን ሳታዳምጥ አትውልም። ድምፅሽ ትንሽ እንኳ ከራደ፣ የሞትኩ ይመስላታል።